ቆሽት ሲበግን፦ ስለ ብግነትና ስለ ቆሽት ካንሰር የሚባለውን እንደገና ስንመዝነው

የአገራችን ሰው ቆሽትን የሚያውቀው ከሐኪም ሰምቶ አይደለም። በደል የደረሰበት ሰው «ቆሽቴ አረረ» ይላል፤ ንዴቱ ያልወጣለት ደግሞ «በገንሁ» ይላል። በሕክምና ጽሑፎቻችን ኢንፍላሜሽን ለሚለው ቃል ምትክ ሆኖ የገባው «ብግነት» ከዚሁ ግሥ የወጣ ነው። ስለዚህ አንድ ሐኪም ለታማሚ ቤተሰብ «ብግነት ካንሰር ያመጣል» ብሎ ሲናገር አንድ ነገር የተናገረ ይመስለዋል እንጂ፣ አድማጩ የሚሰማው ሁለት ነው፤ አንዱ የሥጋ፣ ሌላው የነፍስ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር ራሴ መናገሬ ነው።

ታማሚው ከጮቄ ተራራ ግርጌ የመጡ፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ የዘለለ ገበሬ ነበሩ። ወደ እኔ ከመድረሳቸው በፊት ሰባት ወር ያህል «ጨጓራ» ተብለው ታክመዋል። ኦሜፕራዞል ወስደዋል፤ የሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ምርመራ ተደርጎላቸው የባክቴሪያውን ማጥፊያ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ጨርሰዋል። በመካከሉ የደም ስኳራቸው ከፍ ብሎ በመገኘቱ የስኳር ሕመም ሕክምና ጀምረዋል። ሰውነታቸው ሲመነምን ቤተሰቡ «የስኳሩ ነው» አለ፤ ያከማቸውም ባለሙያ አልተቃወመም። ዓይናቸው ቢጫ ሲሆን «ወፍ ነው» ተብሎ ወደ ባህል መድኃኒት አዋቂ ተወሰዱ። እኔ ዘንድ ቀርበው ሆዳቸውን ስዳስስ የተወጠረው የሐሞት ከረጢት ከጎድን አጥንታቸው በታች እጄ ላይ አረፈ፤ ስጫነውም አላመማቸውም። አልትራሳውንዱ የሰፋውን የሐሞት ቱቦና በቆሽት ራስ ላይ ያለውን ዕጢ አሳየ። ወደ ከፍተኛ ሕክምና ጻፍሁላቸው፤ በዚያም በሲቲ ስካን ሲታይ ዕጢው ወደ ጉበት ተሰራጭቷል። ተመልሰው በቤታቸው ዐረፉ።

ልጃቸው ከቀብሩ በኋላ የሕክምና ማስረጃ ሊወስድ መጣ። «ዶክተር፣ ይንገሩኝ እስኪ፤ ያ ሲመላለስባቸው የነበረው ጨጓራ ነው ወደዚህ የተለወጠው?» ብሎ ጠየቀኝ። ደክሞኝ ነበር፤ በኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰውም ብዙ ነበር። «ብግነት ሲቆይ ወደ ካንሰር ይለወጣል» አልሁትና ወረቀቱን ፈርሜ ሰጠሁት። ተዝካሩ ከወጣ በኋላ ራሱ ልጁ ጥቁር ሰገራ እያስቀመጠው መጣ። ሆዱን ቆረጥ ባደረገው ቁጥር ብግነቱ እንዳይቆይበት እያለ፣ ዲክሎፌናክ ከመድኃኒት ቤት እየገዛ ለወራት ውጧል። «ብግነት ማጥፊያ ስጡኝ ብዬ ነው የገዛሁት» አለኝ። ቃሉ የእኔ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ዓረፍተ ነገሬ በምን ማስረጃ ላይ እንደ ቆመ ለማየት ወደ ዋናዎቹ የምርምር ጽሑፎች የተመለስሁት። እነሆ የደረስሁበትን ለባልደረቦቼ አቀርባለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። ጀርመናዊው የፓቶሎጂ ሊቅ ሩዶልፍ ቪርኾ በ1863 ካንሰርን ሥር ከሰደደ የሰውነት መቆጣት ጋር አያይዞት እንደ ነበር ይነገርለታል። በ1986 አሜሪካዊው ሃሮልድ ድቮራክ ዕጢን ከማይሽር ቁስል ጋር አመሳሰለው። ሐሳቡ ከግምት ወደ ተግባር የተሻገረው ግን በጨጓራና በጉበት በኩል ነው። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪን ያገኙት ዋረንና ማርሻል በ2005 የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ፣ ሥር የሰደደ የጨጓራ ብግነት በአብዛኛው ከአንድ ባክቴሪያ እንደሚመጣ ዓለም ተቀብሎት ነበር። የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባትም በአገራችን ከ2007 ጀምሮ በአምስት ፀረ በሽታ ጥምር ክትባት ውስጥ ገብቶ ለሕፃናት ይሰጣል። በእነዚህ ሁለት አካላት ውስጥ ብግነቱ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱንም በመድኃኒት ማስወጣት ወይም በክትባት ደጅ ላይ ማስቀረት ይቻላል። የቆሽት ነገር እንዲህ አይደለም። አልኮልና ሲጋራ ድርሻ አላቸው፤ ነገር ግን ስናስወግደው ካንሰሩን የሚያስቀርልን አንድ ጀርም በቆሽት ውስጥ አልተገኘም። የጨጓራውን ትምህርት ሳንመዝን ወደ ቆሽት ማዛወራችን የመጀመሪያው ስሕተታችን ነው ብዬ አምናለሁ።

በሰው ላይ ከተሠሩት ጥናቶች ሁሉ በብዛት የሚጠቀሰው አልበርት ሎወንፌልስና ባልደረቦቹ በ1993 ያወጡት ነው። ከስድስት አገሮች የተሰበሰቡ 2015 ሥር የሰደደ የቆሽት ብግነት ያለባቸውን ሰዎች በአማካይ ከ7 ዓመት በላይ ተከታተሉ። 56 ሰዎች የቆሽት ካንሰር ያዛቸው፤ በዕድሜና በጾታ ከሚመስላቸው ሕዝብ ግን ይጠበቅ የነበረው 2 ያህል ብቻ ነበር። ይህ 26 እጥፍ ነው። በመማሪያ ክፍልም ሆነ በስብሰባ ላይ የሚነሣው ይኸው ቁጥር ነው። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ግን ደራሲዎቹ ራሳቸው በዚህ ቁጥር ረክተው እንዳልተቀመጡ ይረዳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የተገኙትን ካንሰሮች ሲያወጧቸው 26ቱ ወደ 16 ወረደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በቆሽት ውስጥ የተደበቀ ዕጢ ቱቦውን ዘግቶ ብግነት ሊያስነሣ ይችላል፤ ሐኪሙ ብግነቱን ያያል፤ ዕጢውን የሚያየው ከወራት በኋላ ነው፤ ከዚያም ብግነቱ ካንሰሩን የወለደው ይመስለዋል። ልጁ አባቱን ወለደ እንደ ማለት ነው።

የዴንማርክ ተመራማሪዎች በ2017 ባወጡት ትንታኔ ይህን ጥርጣሬ ይበልጥ ገፍተውበታል። ኪርከጎርና ባልደረቦቹ 13 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው ሲመዝኑ፣ ሥር የሰደደ የቆሽት ብግነት ከታወቀ ከ2 ዓመት በኋላ ያለው አደጋ 16 እጥፍ፣ ከ5 ዓመት በኋላ 8 እጥፍ፣ ከ9 ዓመት በኋላ ደግሞ 3 ተኩል እጥፍ ያህል ሆነ። ብግነት እየቆየ በሄደ መጠን ካንሰርን የሚወልድ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ አደጋው በጊዜ ብዛት ሊያድግ በተገባው ነበር። ወረደ እንጂ አላደገም። ያም ሆኖ ከ9 ዓመት በኋላ እንኳ ወደ አንድ አልወረደም፤ ስለዚህ ግንኙነቱ ሐሰት ነው ማለት አንችልም። እውነት ነው፤ ግን ከሚነገረው ያነሰ ነው። በ1993ቱ ጥናት ውስጥ ከ20 ዓመት በኋላ ካንሰር የያዛቸው ከመቶ 4 ያህል ናቸው። ዘጠና ስድስቱን ማንም አይጠቅሳቸውም።

ይህም ሁሉ የሚመለከተው በእርግጥ ሥር የሰደደ የቆሽት ብግነት እንዳለባቸው የታወቁትን ነው። የእኔ ታማሚ ግን እንዲህ ያለ በሽታ እንዳለባቸው የሚያሳይ ምንም አልነበረም። የነበራቸው የላይኛው ሆድ ሕመም ነው፤ እኛ ስም ሰጠነው። «ጨጓራ» በደጋው አገራችን ከበሽታ ስምነት አልፎ መጠሪያ ሆኗል፤ ከእምብርት በላይ ያለ ማንኛውም ሕመም በእሱ ይጠራል። የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች በ2010 የቆሽት ካንሰርን የዘረ መል ለውጦች ቆጥረው እንዳሰሉት፣ ከመጀመሪያው ለውጥ አንሥቶ የዕጢው እናት የሆነችው ሕዋስ እስክትገኝ ድረስ ቢያንስ 10 ዓመት፣ ከዚያም ለመሰራጨት እስክትበቃ ድረስ 5 ዓመት ያህል ያልፋል። ስለዚህ በሰባት ወር ውስጥ ከጨጓራ ብግነት የተለወጠ ካንሰር የለም። ያ የሰባት ወር ሕመም ዕጢው ራሱ ነበር። እኔ ምልክቱን ምክንያት አድርጌ ነገርሁት።

ብግነት በሰው ቆሽት ውስጥ በእርግጥ ካንሰር እንደሚያመጣ ጥርጥር የሌለው ማስረጃ የመጣው ጥቂት ሰዎችን ከሚይዝ በሽታ ነው። በ1996 ዴቪድ ዊትኮምና ባልደረቦቹ በዘር የሚተላለፍ የቆሽት ብግነት ትሪፕሲኖጅን በሚሠራው ዘረ መል ላይ በሚደርስ ለውጥ እንደሚመጣ አሳዩ። በእነዚህ ቤተሰቦች ውስጥ ቆሽት ከልጅነት ጀምሮ በራሱ ኢንዛይም ይቃጠላል። በ1997 ያው ሎወንፌልስ 246 እንዲህ ያሉ ታማሚዎችን አጥንቶ 8 ካንሰሮች አገኘ፤ እስከ 70 ዓመት ዕድሜ ሲሰላ አደጋው ከመቶ 40 ገደማ ይደርሳል። እዚህ ላይ የጊዜ ቅደም ተከተሉ አያከራክርም፤ ብግነቱ ከካንሰሩ በብዙ ዐሥርት ዓመታት ይቀድማል። ከሕንድ የወጣው የሱረሽ ቻሪና የባልደረቦቹ የ1994 ጥናት ደግሞ «የሐሩር አገር የቆሽት ብግነት» የሚባለው፣ በወጣትነት ጀምሮ ቆሽትን በድንጋይ የሚሞላው በሽታ፣ የካንሰርን አደጋ መቶ እጥፍ ያህል እንደሚያደርሰው አስልቷል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን በጥቂት ሞቶች ላይ የቆመ ነው፤ የግምቱም ዳርና ዳር እጅግ የተራራቀ ነው።

ይህ የሕንድ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር ሕመምን ለብቻው ሲመድብ ሁለት ዓይነት አድርጎት ነበር፦ አንደኛው ቆሽት በድንጋይና በጠባሳ የሚሞላበት፣ ሁለተኛው ድንጋይ የሌለበት። በ1999 ምድቡን ሰረዘው። ከዐሥር ዓመት በኋላ በ2009 ዶክተር ሽታዬ ዓለሙ፣ ፕሮፌሰር ኤልድሪድ ፓሪና ባልደረቦቻቸው ከጎንደር ባወጡት ጽሑፍ፣ በገጠር የሚገኙት ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ታማሚዎች በአብዛኛው ድኾች፣ ቀጫጭኖችና ወንዶች የበዙባቸው መሆናቸውን አሳይተው የተዘጋው መዝገብ እንደገና ይከፈት ወይ ሲሉ ጠየቁ። መልሱ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2025 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር ሕመም «ዓይነት 5» ብሎ ተቀበለው። ከዓባይ ወዲህ ባለው ደጋ የምንሠራ ሰዎች እነዚህን ታማሚዎች እናውቃቸዋለን፦ ከደብረ ኤልያስ ወይም ከቢቸና ገጠር የመጣ፣ ሰውነቱ የመነመነ ወጣት ገበሬ፣ የኢንሱሊን ብልቃጡን በውኃ እንስራ አጠገብ ቀብሮ የሚያቀዘቅዝ።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቅ እወዳለሁ። የሕንዱ ጥናት የሚናገረው ስለ ድንጋይ ያለበት ቆሽት ነው። የጎንደሩ ጽሑፍ የሚናገረው ስለ ስኳር ሕመም ነው እንጂ ስለ ካንሰር አይደለም። ሁለቱን አጣብቆ «ቀጭን የስኳር ታማሚ ሁሉ ለቆሽት ካንሰር የተጋለጠ ነው» የሚል ሰው፣ እኔ ለዚያ ልጅ የነገርሁትን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ለመናገር ተዘጋጅቷል። በወጣቱ ታማሚ ላይ ልናደርገው የምንችለው፣ ወደ ጀርባ የሚዘልቅ የቆየ የሆድ ሕመምና ቅባታማ ሰገራ ካለው፣ የሆድ ኤክስ ሬይ አንሥቶ ድንጋይ መኖር አለመኖሩን ማየት ነው። ይህ ሲቲ ስካን አያስፈልገውም። በነገራችን ላይ አንዳንድ የስኳር ሕመም ማስተማሪያ ጽሑፎች ኢንሱሊን የሚያመነጨውን አካል «ጣፊያ» ይሉታል። ጣፊያ ሌላ ነው። በወባ ያበጠ ጣፊያ የሚያውቅ ገበሬ ይህን ሲያነብ ምን እንደሚረዳ አስቡት።

አሁን ወደ ሕዋሳቱ ልግባ፤ የነገሩ ጣዕም ያለው እዚህ ነውና። ከመቶ ዘጠና በላይ በሚሆኑት የቆሽት ቱቦ ካንሰሮች ውስጥ ኬ-ራስ የሚባለው ዘረ መል ተለውጦ ይገኛል። በስፔን የማሪያኖ ባርባሲድ ቤተ ሙከራ በ2007 ያወጣው ሥራ፣ በእኔ ግምት፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ከተጻፉት ሁሉ የላቀ ነው። ካርመን ጌራና ባልደረቦቿ ይህን የተለወጠ ዘረ መል በአዋቂ አይጦች ቆሽት ውስጥ ሲቀሰቅሱት ካንሰር አልመጣም። ሴሩሊን በሚባል፣ ቆሽትን ከልክ በላይ በሚያሠራ ንጥረ ነገር መለስተኛ ብግነት ሲያስነሡበት ግን ካንሰሩ መጣ። የተለወጠ ዘረ መል ብቻውን አዋቂ ቆሽትን አላሸነፈም፤ ብግነት በሩን ከፈተለት። ሥራው ይህን ያህል ግልጽ ስለሆነ ለማስተማር ይመቻል፤ አደጋውም እዚያው ነው። አይጧ የተለወጠውን ዘረ መል በብዙ ሕዋሳት ውስጥ በአንድ ጊዜ ተሸክማለች፤ ሰው ግን በአንዲት ሕዋስ ይጀምራል። አይጧ ለወራት መርፌ ተወግታለች፤ ጨጓራዬን የሚል ገበሬ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልደረሰበትም። ጥናቱ ብግነት ብቻውን ካንሰር ያመጣል አላለም። ያለው ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

ሲገናኙስ ምን ይሆናል? ኢንዛይም አመንጪዎቹ፣ አሲናር የሚባሉት ሕዋሳት፣ ጉዳት ሲደርስባቸው ሥራቸውን ያቆማሉ፤ መልካቸውንም ለውጠው የቱቦ ሕዋሳትን ይመስላሉ። ይህ በመሠረቱ ራስን የማዳን ዘዴ ነው፤ እሳት ሲነሣ በገዛ ቤቱ ያለውን ባሩድ አውጥቶ እንደሚጥል ሰው፣ ሕዋሱ ኢንዛይም መሥራቱን ይተዋል። ጉዳቱ ሲያልፍ ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል። በ2013 በአሜሪካ የፒተር ስቶርዝ ቡድን ይህን ለውጥ የሚያዙት ወደ ቆሽት የገቡት ማክሮፋጆች መሆናቸውን አሳየ፤ ራንቴስና ቲ.ኤን.ኤፍ የሚባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ይለቃሉ፤ እነዚህም በአሲናሩ ሕዋስ ውስጥ ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ የሚባለውን መቀስቀሻ ያስነሣሉ። የተለወጠው ኬ-ራስ በዚህ መካከል ካለ፣ ሕዋሱ ወደ ቀድሞ ቦታው የሚመለስበት መንገድ ይዘጋል። በ2023 ከሚላኖ የወጣ ሥራም ኢንተርሉኪን 1 ቤታ የሚያመነጩ ማክሮፋጆች ከዕጢው ሕዋሳት ጋር እየተቀጣጠሉ እንደሚኖሩ አሳይቷል፤ አንዱ ሌላውን ያነዳል።

እስከዚህ ድረስ ሥዕሉ በትምህርት ዘመናችን በሰሌዳ ላይ ከተሳለልን ቀስት ብዙም አይለይም፦ ብግነት፣ ከዚያ ካንሰር። ሥዕሉን የሚያፈርሰው የሚቀጥለው ነው። በ2007 የፔንስልቬንያ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ ገና ካንሰር ሳይሆን በመጀመሪያው የለውጥ ደረጃ ላይ ወደ ቆሽቱ የሚጎርፉት የመከላከያ ሕዋሳት በአብዛኛው መከላከያን የሚያፍኑት ናቸው፤ ዕጢን መግደል የሚችሉት ቲ ሕዋሳት ግን ጥቂት ናቸው። እንግዲያው አፋኞቹን ብናስወግድ ገዳዮቹ ነፃ ይወጣሉ ብሎ ማሰብ ተገቢ ነበር። በ2020 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ አደረጉ፤ ተቆጣጣሪ ቲ ሕዋሳትን ከአይጦቹ አጠፉ። ካንሰሩ ይቀንሳል ተብሎ ሲጠበቅ ፈጠነ። ተቆጣጣሪዎቹ የሚያፍኑት ገዳዮቹን ብቻ አልነበረም፤ ቁጣውንም ያበርዱ ነበር፤ እነሱ ሲሄዱ ሌሎች አፋኝ ሕዋሳት ቦታቸውን ያዙ። ስለዚህ «ብግነት ጠላት ነው» የሚለውም «መከላከያን ማጠናከር ነው» የሚለውም ለየብቻቸው አይቆሙም። የመከላከያው ሕዋስ ጠባቂም ተባባሪም ነው፤ የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ጊዜውና ጎረቤቱ ነው።

በሕክምናውም የታየው ይኸው ነው። በ2010 በታተመ ሙከራ፣ በሌሎች ካንሰሮች ላይ ተስፋ የሰጠው ኢፒሊሙማብ ለ27 የቆሽት ካንሰር ታማሚዎች ሲሰጥ በመደበኛው መለኪያ ዕጢው የቀነሰለት አንድም ሰው አልነበረም። በ2023 ግን ከኒውዮርክ የተሰማው ሌላ ነው፤ ዕጢያቸው በቀዶ ሕክምና ለወጣላቸው 16 ሰዎች ለእያንዳንዳቸው ከራሳቸው ዕጢ የተቀዳ የኤምአርኤንኤ ክትባት ሲሰጥ፣ በ8ቱ ላይ ቲ ሕዋሳት ነቁ። ስምንት ሰው ትንሽ ነው። ቢሆንም የቆሽት ካንሰር ለመከላከያ ሕዋሳት ጨርሶ የማይታይ ነው የሚለውን ግምት አናግቶታል።

የበለጠ ያሳሰበኝ ግን በ2021 በሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው የቴክሳስ ተመራማሪዎች ሥራ ነው። ዴል ፖጄቶና ባልደረቦቹ በአይጦች ቆሽት ላይ ለአጭር ጊዜ ብግነት አስነሥተው ሙሉ በሙሉ እስኪድን ጠበቁ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጠባሳ እንኳ የለም። ከዚያ ቆይተው የተለወጠውን ኬ-ራስ ሲቀሰቅሱ ካንሰሩ ካልታመሙት አይጦች ይልቅ ፈጠነ። የቆሽቱ ሕዋሳት የቆየውን ቁጣ አልረሱትም፤ ለሚቀጥለው ጉዳት ፈጥነው መልክ ለመለወጥ ተዘጋጅተው ጠብቀዋል። ደራሲዎቹ ከዚህ ተነሥተው የሚሰነዝሩት ሐሳብ ደፋር ነው፦ የተለወጠው ኬ-ራስ ቆሽትን ከተደጋጋሚ ጉዳት ስለሚያድነው ነው የሚመረጠው፤ ካንሰሩ የዚህ ጥቅም ዋጋ ነው። ይህ ገና በሰው ላይ አልተረጋገጠም፤ እኔም እንደ ተረጋገጠ አልቆጥረውም። ነገር ግን «ብግነትን በመድኃኒት አጥፋው፤ ካንሰሩ ይቀራል» የሚለውን ቀላል ስሌት ያፈርሰዋል። ብግነቱ ከጠፋ በኋላም ትውስታው አለ።

ስሌቱ በሰው ላይ ሲሞከርም አልሠራም። አስፕሪን በአረጋውያን ላይ በአውስትራሊያና በአሜሪካ ከ19000 በላይ ሰዎችን ይዞ በተደረገው፣ ውጤቱም በ2018 በታተመው ሙከራ፣ አስፕሪን የወሰዱት ዕድሜ አልጨመሩም፤ እንዲያውም በካንሰር የሞቱት በእነሱ በኩል በዙ። ይህ ስለ ቆሽት ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ነገር ግን ጤነኛ ሰው ብግነት እንዳይቆይበት ብሎ በየቀኑ መድኃኒት ቢውጥ ይጠቅመዋል የሚል ማስረጃ በእጃችን እንደሌለ ያስታውሰናል። ዲክሎፌናክ ጨጓራን እንደሚያደማ ግን ለማወቅ ጥናት አያስፈልገንም፤ ጥቁር ሰገራውን አይተናል።

ስለ ቃሉ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ባለሙያዎቻችን ከታማሚ ጋር ሲነጋገሩ ብግነትንም፣ ቁስለትንም፣ በጀርም መያዝንም በአንድነት «ኢንፌክሽን» ይላሉ። ታማሚው ኢንፌክሽን ሲባል አንቲባዮቲክ ይጠብቃል፤ ብግነት ሲባል ማብረጃ ይጠብቃል። የገጠሩ ሰው ግን የተሻለ ቃል አለው፤ ቁስል «ተቆጣ» ይላል፤ ሳይሽር ሲቀር «አመረቀዘ» ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከላይ የዘረዘርኋቸው ተመራማሪዎች በብዙ ገጽ የሚያስረዱት ነው፤ መቆጣት ለመዳን ነው፤ ማመርቀዝ የመዳን መንገድ የጠፋበት መቆጣት ነው። ለመጽሔት ስንጽፍ ብግነት ይኑር። ለታማሚ ስንናገር ግን የእሱን ቃል ብንጠቀም እመርጣለሁ።

እንግዲህ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ለምንሠራ ሰዎች ይህ ሁሉ የሕዋስ ነገር ምን ይሰጠናል? ማክሮፋጅ አንቆጥርም። በ2011 የተቋቋመው በጥቁር አንበሳ የሚገኘው የካንሰር መዝገብ የሚመዘግበው የአዲስ አበባን ነዋሪ ነው፤ የእኔ ታማሚ በዚያ አይቆጠሩም። ዕጢው ያለምንም የሕብረ ሕዋስ ምርመራ ነው አብሯቸው የተቀበረው። ነገር ግን ብግነት ምክንያት ነው ከሚለው ዞር ብለን ዕጢው ምን ምልክት ይሰጣል ብለን ብንጠይቅ፣ መሣሪያው በእጃችን አለ። ያው ሱረሽ ቻሪ ወደ አሜሪካ ከሄደ በኋላ በ2005 ባወጣው ጥናት፣ ዕድሜያቸው 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆኖ አዲስ የስኳር ሕመም ከተገኘባቸው 2122 ሰዎች ውስጥ 18ቱ በሦስት ዓመት ውስጥ የቆሽት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል። ከመቶ አንድ አይሞላም፤ ሁሉንም ለሲቲ ስካን መላክ አይገባም። በ2018 ግን ይኸው ቡድን አደጋው የበረታባቸውን ለመለየት ሦስት ነገሮችን ብቻ የሚጠይቅ መለኪያ አወጣ፦ ዕድሜ፣ የደም ስኳሩ በምን ያህል ፍጥነት እንደ ጨመረ፣ ክብደት ምን ያህል እንደ ቀነሰ። መለኪያው የተሠራው በአሜሪካውያን ላይ ስለሆነ ነጥቡን እንዳለ እንቅዳ አልልም፤ የእኛ የስኳር ታማሚ ሲጀምርም ቀጭን ሊሆን ይችላልና። ሐሳቡ ግን ይጠቅመናል። ሚዛንና ግሉኮሜትር በጤና ጣቢያም አለ። የሌለው የአምናው ክብደት ነው። ሕፃንና ነፍሰ ጡር ስትመጣ እንመዝናለን፤ በአብዛኞቹ የአዋቂ ካርዶች ላይ ግን የክብደቱ ቦታ ባዶ ነው። የእኔ ታማሚ በሰባት ወር ውስጥ ብዙ ጊዜ ታይተው አንድ ጊዜ እንኳ ክብደታቸው አልተጻፈም። በ60 ዓመታቸው አዲስ የስኳር ሕመም የጀመራቸው፣ ሲከሱ የከረሙና ለጨጓራ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ያልተመለሱ ሰው ሦስተኛ ዙር ኦሜፕራዞል አያስፈልጋቸውም ነበር፤ አልትራሳውንድ ነበር የሚያስፈልጋቸው። ሕመም የሌለው ቢጫነትና በእጅ የሚዳሰስ የሐሞት ከረጢትም ከ1890 ጀምሮ በኩርቯዚየ ስም የሚታወቅ ምልክት ነው፤ የሚጠይቀው የሞቀ እጅ ብቻ ነው። «የወፍ መድኃኒት» የሚሰጡት አዋቂዎች ዘንድ የሚሄደው ታማሚ አስቀድሞ በእኛ በኩል ማለፉን አንርሳ።

ቀደም ብሎ ቢታወቅ ኖሮ ይድኑ ነበር ለማለት አልደፍርም። ሁሉ ነገር በሞላበት በአሜሪካ እንኳ የቆሽት ካንሰር ከተገኘባቸው መካከል አምስት ዓመት የሚቆዩት ከመቶ 13 ያህል ናቸው። ምናልባት ሁለት ዙር የባክቴሪያ መድኃኒት፣ የመንገድ ወጪና የከንቱ ተስፋ ወራት ይቀሩላቸው ነበር።

ልጁ ደሙ ቆሞለት፣ ከዎርድ ሊወጣ ሲል አጠገቡ ተቀመጥሁና ያልሁትን መለስሁ። የአባቱ ሕመም ጨጓራ ሆኖ ወደ ካንሰር የተለወጠ እንዳልሆነ፣ ሕመሙ ገና ከመነሻው የዕጢው እንደ ነበረ፣ እኔም አስቀድሜ በችኮላ የተሳሳተ ነገር እንደ ነገርሁት አስረዳሁት። ዝም ብሎ ሰማኝ። «እንግዲያው እኛ አዘግይተንባቸው አይደለም?» አለ።

«በውስጣቸው ሲጀምር አንተ ገና ልጅ ሳትሆን አትቀርም» አልሁት።

«ቆሽታቸውን ያሳረርኋቸው እኔ ነኝ ስል ነበር» አለኝ፤ ከሞታቸው በፊት በነበረው ክረምት በመሬት ጉዳይ ተጣልተው ኖሯል። ብግነት ያልሁትን በምን እንደ ተረጐመው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። የሰው ጠብ ዕጢ እንደማያበቅል ነገርሁት። ከዚያም ሚዛኑ ላይ እንዲወጣ ጠየቅሁት። 54 ኪሎ። ካርዱ ላይ ከቀኑ ጋር ጻፍሁትና ከዓመት በኋላ እንዲመለስ ቀጠርሁት።